የጻፍኩት እኔ ነኝ

ባለፈው ሐሙስ ቤዛ የምትባል ወጣት ቤቴ መጣች። የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፏን እያዘጋጀች ነው። ከድሬዳዋ በጠዋት ተነስታ፣ ሐረር ሸዋ በር ከሚኒባስ ወርዳ፣ ሰው እየጠየቀች አቦከር ድረስ መጥታ ነው ያገኘችኝ። ባለቤቴ ብርቱካን ልጣ አቀረበችላት። ልጅቱ ግን ብርቱካኑን ረስታ ከቦርሳዋ ፎቶ ኮፒ የተደረገ ጽሑፍ አወጣችና ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። መነጽሬን ሳላደርግ አወቅኩት። አንዷ ፊደል በገጹ ሁሉ ከመስመሩ ትንሽ ከፍ ብላ ትቀመጣለች፤ የአባቴ የጽሕፈት መኪና ጉድለት ነበር።

«ጋሼ ግርማ፣» አለች፣ «ስለ ኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክ ከሐረር የእጅ ጽሑፍ ተነስቶ የጻፈ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት። ብዙ ፈለግኩ፤ ከእርስዎ በፊት ማንንም አላገኘሁም።»

የብርቱካኑን ሳህን ወደ እሷ ገፋ አደረግኩላት። ትሕትና አድርጋ ወሰደችውና ፈገግ አለች።

«የእጅ ጽሑፉን ባየው ደስ ይለኝ ነበር። አሁን የት ነው ያለው?»

«አላውቅም፣» አልኳት።

አውቃለሁ። ከቤቴ በእግር ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ልጅቱ አመስግና ወጣች። ወደ ስልሳ እየተጠጋሁ ነው። ሰው በዚህ ዕድሜው የወጣትነቱን ነገር ሲያስታውስ ደስ ይለዋል ይባላል። እኔ የማስታውሰው ግን ይህን ነው።

መንግሥት ከተለወጠ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። ከከተማው ዳር አንድ ትንሽ ኮሌጅ ነበረ። ዛሬ የለም፤ ግቢው የእህል መጋዘን ሆኗል። እስከዚያ ዓመት ድረስ ስንማር የኖርነው ፖለቲካል ኢኮኖሚ ነበር። ጢማሙ ጀርመናዊ ከሰሌዳው በላይ ተሰቅሎ ቁልቁል ያየን ነበር። በአንድ ክረምት ስዕሉ ወረደ፣ የምስማሩ ቀዳዳ ቀረ፣ ትምህርቱም ስሙ ተቀይሮ «የኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክ» ተባለ። አስተማሪው ግን እኚያው መምህር ጌታሁን ነበሩ።

መምህር ጌታሁን ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን የምለው ለእሳቸው ብዬ ብቻ አይደለም፤ ክፋቱን ሁሉ በእሳቸው ላይ ጥዬ እኔ ነጻ እንዳልወጣ ብዬም ነው። ቀጭን፣ ቡናማ ኮት የማይለያቸው ሰው ነበሩ። አሥር ዓመት እንደ ጸሎት በቃላቸው ያስተማሩትን ነገር በአንድ ቀን ተው ተባሉ። በእጃቸው የነበረው ከአዲስ አበባ የመጣ፣ መሐሉ ላይ ገጾች የጎደሉት አንድ የተባዛ መጽሐፍ ነው። ከእኛ አንድ ምዕራፍ ብቻ ቀድመው ያነቡ ነበር። የሚያውቁትን ተነጥቀው የማያውቁትን እንዲያስተምሩ የተገደዱ ሰው ደግሞ ጥያቄ ይፈራሉ።

ጥያቄ የምትጠይቀው ኢክራም ነበረች። የጀጎል ልጅ ናት፣ ከጥንት ጀምሮ የሐረር ከሆኑ ቤተሰቦች። አባቷ ልጅ ሳለች ስለሞተ ያሳደጓት አያቷ ናቸው። ፊት ወንበር ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች። እጅ ስታወጣ ክንዷን አትዘረጋም፤ ጠቋሚ ጣቷን ብቻ ቀና ታደርጋለች። መምህር ጌታሁን ያችን ጣት ሲያዩ ጠመኔያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያዘዋውሩ ነበር።

አንድ የጥቅምት ጠዋት ሰሌዳው ላይ ረጅም መስመር አሰመሩ። በአንደኛው ጫፍ የግሪክ ፈላስፎች፣ ቀጥሎ የአውሮፓ የገዳም ሊቃውንት፣ ከዚያ የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ሰዎች፣ ከዚያ ስኮትላንዳዊው፣ መጨረሻ ላይ ጀርመናዊው። በግሪኮቹና በገዳሞቹ መካከል መስመሩ ባዶውን ሄደ። የኢክራም ጣት ተነሳ።

«መምህር፣ እዚህ ጋ ባዶ ነው። ብዙ መቶ ዓመት ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ስለ ዋጋ ያሰበ ሰው ዓለም ላይ አልነበረም?»

«ያሰበ ሊኖር ይችላል፣» አሉ። «የጻፈ ግን የለም። ሳይንስ የሚባለው የተጻፈው ነው።»

«እኛ ቤት የተጻፈ አለ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። መምህር ጌታሁንም ቀለል ብሏቸው ሳቁና፣ «እንግዲያው ለጽሑፍ ሥራሽ እሱን አምጪልን፤ እናነባለን» አሏት። ያ ጽሑፍ ከትምህርቱ ውጤት ግማሹን የሚይዝ ነበር። ኢክራም አልሳቀችም። ደብተሯ ላይ የሆነ ነገር ጻፈችና አሰመረችበት።

ከክፍል ስንወጣ ተከትያት ሄድኩ። ያኔ ከኮሌጁ እስከ ሸዋ በር ያለው መንገድ ኮረኮንች ነው፤ ዝናቡ አቁሞ አቧራው ገና አልጀመረም፤ ግራና ቀኙ ማሽላ ለአጨዳ ደርሶ ራሱን ደፍቷል።

«እውነትሽን ነው?» አልኳት።

«ወላሂ! ባባ ዘንድ ነው ያለው።» አያቷን ባባ ነበር የምትላቸው። «የሕግ መጽሐፍ ነው፣ በአረብኛ። ግን ዳር ዳሩ ላይ የራሳችን ሰው የጻፈበት አለ። የባባ አያት። ስለ ገበያ ነው። ልጅ ሆኜ ያነቡልኝ ነበር።»

«ታዲያ ጻፊዋ!»

«ፊደሉን አነባለሁ፤ ትርጉሙን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። እንግሊዝኛዬን ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ይንተባተባል።» ጥቂት ሄድንና ቆም አለች። «አንተ ትጽፍልኛለህ?»

እንግሊዝኛ ይሆንልኝ ነበር። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለነበር ቤታችን የጽሕፈት መኪና ነበረን፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ታይፕ ሳደርግ ነው ያደግኩት። የእኛ ቤተሰብ ወደ ሐረር የመጣው በቅድመ አያቴ ጊዜ ከሸዋ ነው። ከጀጎል ግንብ ውጭ ተወልጄ ከሃያ ዓመት በላይ ስኖር፣ አንድም ጊዜ የሐረሪ ቤት ገብቼ አላውቅም ነበር። ደጃፍ ላይ ሰላም ተባብሎ ማለፍ አለ፤ ገብቶ መቀመጥ ግን ሌላ ነው።

ለሰባት ቅዳሜ ገብቼ ተቀመጥኩ። ከምሳ በኋላ በሸዋ በር ገብቼ፣ በርበሬ የሚፈጭበትን ሰፈር እያነጠስኩ አልፌ፣ ሁለት አህያ ጎን ለጎን በማያሳልፈው ቀጭን መንገድ ቁልቁል እወርዳለሁ። ግንቡ በነጭ ኖራ ተለስኗል። ግቢያቸው ውስጥ አንድ ሮማን ነበረ፣ ፍሬው ተሰነጣጥቆ ወፎች የሚጣሉበት። አው ዩስፍ ከፍ ካለው ቀይ መደብ ላይ ትራስ ተደግፈው ይጠብቁናል። አው የሚለው ሐረሪዎች ለተከበረ ሽማግሌ የሚሰጡት መጠሪያ ነው። ጥርስ ስላልነበራቸው ጫታቸውን በትንሽ ሙቀጫ ወቅጠው ነበር የሚይዙት፤ ዱቄቷን ጉንጫቸው ውስጥ ሲያስቀምጡ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ለእኔ ቁቲ ይቀርብልኛል፣ ከቡና ቅጠል የሚፈላው፣ ወተትና ጨው ያለበት። የመጀመሪያ ቀን ጨዉን ሳልጠብቅ ጠጥቼ ፊቴ ሲኮማተር አይተው ሳቁ።

«ይለምድሃል፣ ልጄ፣» አሉኝ። «አሁን እጅህን ታጠብና ና።»

መጽሐፉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለውት ነበር። ገጹን የሚገልጡት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ በአጉሊ መነጽር አንድ መስመር በአረብኛ ያነባሉ፣ ቀጥሎ በሐረሪ ለኢክራም ያስረዳሉ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ ይደግሙታል። እኔ እጽፋለሁ። ኢክራም ያልገባትን ትጠይቃለች፣ ይከራከራሉ፣ እንደገና ያነባሉ። በአንድ ከሰዓት አንዳንዴ ከአራት መስመር አንበልጥም ነበር።

አያታቸው ያን የዳር ጽሑፍ የጻፉት ወደ ባሕር የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ፣ እህል ከገበያ በጠፋበት ዘመን ነው። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ዋጋ ሲወደድ የከተማው ገዢ ዋጋ ይቁረጥ ወይስ አይቁረጥ?

«ምን ይላል መሰለህ፣» አሉ አው ዩስፍ። «እህል ሁለት ጊዜ ይጠፋል። አንዴ አላህ ዝናቡን ሲይዝ፣ አንዴ ሰው የጎተራውን ቁልፍ ሲይዝ። ዝናቡ ሲያዝ ገዢው በነጋዴው ላይ ዋጋ ቢቆርጥበት በደል ነው፤ እሱም ያገኘው በውድ ነውና። ቁልፉ ሲያዝ ግን ገዢው ዝም ካለ በደለኛው እሱ ነው።»

ብዕሬ ቆመ። የተባዛው መጽሐፋችን በሁለት ምዕራፍ እየተንደፋደፈ የሚያስረዳውን ነገር ሰውየው ከገጽ ዳር፣ በሦስት ጣት ስፋት ቦታ ላይ ጨርሶታል። በሌላ ቅዳሜ ደግሞ ስለ ሸክላ ሠሪዎች የተጻፈ አገኘን። ጭቃው የማንም ነው፣ ይላል፤ ማሰሮው ውስጥ ግን የሠሪዋ ቀን አለበት፤ የሚሸጠው ያ ቀን ነው። ኢክራም ይህን ስትሰማ ከመደቡ ዘልላ ወረደች።

«ባባ! ይሄ እኮ የስኮትላንዱ ሰውዬ ነገር ነው!»

«የማን?»

«ከባሕር ማዶ ያለ አንድ ሊቅ ነው። እሱም እንዲህ ብሏል።»

«ማሻአላህ፣» አሉ በእርጋታ። «እሱም አስቧል ማለት ነው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ይህ አስተማሪያችሁ አረብኛ ያነባል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አያነቡም፣ አባባ።»

«ታዲያ ያላችሁት እውነት መሆኑን በምን ያውቃል?»

«እኛን አምነው፣» አለች ኢክራም።

አው ዩስፍ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ይሁን። እናንተም ያመናችሁን ሰው አታሳፍሩ።»

ወድጃት ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሱን አላውቀውም። ከእሷ ጋር ሳነብ ከራሴ በላይ ጎበዝ እንደምሆን ግን አውቃለሁ። አንድ ሐሳብ ከሌላው ጋር ሲገናኝላት የምታሳየው ደስታ ዛሬም ድረስ ካስተማርኳቸው በመቶ የሚቆጠሩ ተማሪዎች በአንዱም ላይ አላየሁትም። እቤት ስደርስ ሁሉንም ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ፣ ቅዳሜ አነብላታለሁ፣ «አይደለም፣ እንዲህ አላሉም» ትለኛለች፣ አስተካክላለሁ። ሐሳቡ፣ አሰላለፉ፣ ከአውሮፓዎቹ ጋር ማነጻጸሩ ሁሉ የእሷ ነበር። የእኔ ቋንቋው ብቻ ነው።

በታኅሣሥ አጋማሽ የኮሌጁ ኃላፊ ሰበሰቡንና ከሚመረቁት መካከል በውጤት አንደኛ የሚወጣው እዚያው በረዳት አስተማሪነት እንደሚቀር ነገሩን። ያኔ ተመርቆ ሥራ ማግኘት ቀርቶ ነበር። ከእኛ በፊት የተመረቁት ሸዋ በር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሚመጣና የሚሄደውን አውቶቡስ ሲያዩ ይውሉ ነበር። አባቴም በዚያው ዓመት በሠራተኛ ቅነሳ ከሥራ ወጥቶ፣ ጠዋት ጠዋት ከረባቱን አስሮ መሄጃ አጥቶ ግቢ ውስጥ ይንጎራደዳል። ከእኔ በታች አራት ልጆች አሉ። ለአንደኝነት የምንፎካከረው ደግሞ ሁለት ነበርን፤ እኔና ኢክራም።

የራሴን ጽሑፍ አንድ ገጽ እንኳ አልጀመርኩም ነበር። ስለ ስኮትላንዳዊው እጽፋለሁ ብዬ ርዕስ አስይዣለሁ፤ ቅዳሜዎቹ ግን ሌላውን ቀን ሁሉ በልተውታል። የማስረከቢያው ቀን አራት ቀን ሲቀረው የእሷን ታይፕ አድርጌ ጨረስኩ። የቀረውን ጊዜ ለራሴ ልሠራበት ተቀመጥኩ። ባዶውን ወረቀት አየሁት። ከዚያ የእሷን አየሁት። እዚያ ውስጥ የእኔ ዓረፍተ ነገር ያልሆነ ዓረፍተ ነገር የለም። ሰባት ቅዳሜ እኔም ተቀምጫለሁ አይደል፣ አልኩ ለራሴ። እኔም ጠይቄያለሁ፣ እኔም ደክሜያለሁ። የዝናቡንና የቁልፉን ነገር፣ የማሰሮውንም ነገር ወሰድኩና ስለ ስኮትላንዳዊው በጻፍኩት መሐል አስገባሁት። «በሐረር ያየሁት አንድ የእጅ ጽሑፍ» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አልነበረም፤ አይቼዋለሁ። ሰው ራሱን ሲያታልል የሚጠቀምበት ቃል ሁሉ እውነት ሊሆን እንደሚችል የተማርኩት ያኔ ነው።

በማስረከቢያው ቀን አው ዩስፍ ታመው ኢክራም ሆስፒታል ነበረች። «የእኔንም አንተ አስገባልኝ» ብላ ልካብኝ ነበር። ሁለቱንም አስገባሁ። የእኔን ከላይ፣ የእሷን ከታች።

በሳምንቱ መምህር ጌታሁን ቢሯቸው አስጠሩን። ጠረጴዛቸው ላይ ሁለቱ ጽሑፎች ተገልጠው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ብዙ ቦታ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮባቸዋል። ኢክራም ጎንበስ ብላ አየች። መጀመሪያ ግራ ገባት። ከዚያ የእኔን ርዕስ አነበበችና ቀስ ብላ ቀና አለች።

«ስድስት ገጽ ቃል በቃል አንድ ነው፣» አሉ መምህሩ። «ማን ከማን ገለበጠ?»

ኢክራም እኔን ነበር የምታየው። ንገራቸው እንጂ የሚል ዓይን ነበር፤ ገና ቁጣ አልነበረበትም።

«አብረን ነው ያነበብነው፣ መምህር፣» አልኩ።

«ያነበበውን አልጠየቅኩም። አንድ ዓይነት እንግሊዝኛ ነው፤ ይህን እንግሊዝኛ ደግሞ አውቀዋለሁ። ማን ነው የጻፈው?»

ከውጭ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ይሰማል። ለመናገር በቂ ጊዜ ነበረኝ። አላሰብኩም፣ ደነገጥኩ እንዳልል በቂ ጊዜ ነበረኝ። አባቴ ከረባቱን አስሮ ሲንጎራደድ ታየኝ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ፣» አልኩ።

«መጽሐፉ የእኛ ነው!» አለች ኢክራም። «መምህር፣ የአያቴ መጽሐፍ ነው፣ ያስረዱትም እሳቸው ናቸው! ግርማ፣ ንገራቸው እንጂ!»

«እንግዲያው መጽሐፉን አምጪውና እንየው፣» አሉ መምህር ጌታሁን። የዚያን ቀን የክፍሉ ሳቅ ትዝ ሳይላቸው አልቀረም፤ ድምፃቸው ውስጥ አንድ የረካ ነገር ነበር። «ምንም እንኳ ማናችንም ባናነበው።»

አላመጣችውም። ነገሩ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ሄደ። እዚያም መጽሐፉን ታመጣለች ብዬ ለሁለት ሳምንት ስፈራ ከረምኩ። መጽሐፉ አንዴ ጠረጴዛው ላይ ከወጣ፣ አው ዩስፍም አብረው ከመጡ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቀውኝ እንደምፈርስ አውቅ ነበር። አልመጡም። ኢክራም ብቻዋን ገብታ ብቻዋን ወጣች። በመኮረጅ ዜሮ ተሰጣትና ለአንድ ዓመት ታገደች። ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር። ቆም ብላ የምትሰድበኝ መስሎኝ ጠበቅኩ። የማታውቀው ሰው ይመስል መንገድ እንድለቅላት ጠብቃ፣ ስለቅላት አለፈች።

በሐምሌ አንደኛ ወጥቼ ተመረቅኩ። እናቴ እልል አለች፤ ጎረቤት ተጠርቶ ድግስ ተደገሰ። በመስከረም ረዳት አስተማሪ ሆንኩ። በዓመቱ መምህር ጌታሁን ራሳቸው ጽሑፌን በኮሌጁ መጽሔት ላይ አወጡልኝ፤ እኔው ታይፕ አድርጌ፣ በማባዣ ተባዝቶ። በዚያ ጽሑፍ ለትምህርት ተላክሁ፣ በዚያ ጽሑፍ ስም አገኘሁ። ከዚያ በኋላ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ብዙ ጻፍኩ፤ ሰው የሚያነሳልኝ ግን ያንኑ ነው።

ኢክራም ግን ዓመቱ ሲያልቅ አልተመለሰችም። ትማር ያሉት አያቷ ብቻ ነበሩ፤ አጎቶቿ መጀመሪያም አልወደዱትም። ኮርጃ ተባረረች የሚለው ወሬ ጀጎል ውስጥ ከተሰማ በኋላ የሚከራከርላት አልተገኘም።

ከስምንት ዓመት በኋላ ነው ድፍረት ያገኘሁት። ትምህርቴን ጨርሼ ወደ ሐረር ተመልሼ ነበር። ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን እያንገጫገጩ የሚውሉበት መንገድ ላይ የጨርቅ ሱቅ እንዳላት ሰምቼ ሄድኩ። ደንበኛ ስታስተናግድ ቆሜ ጠበቅኩ። ወፈር ብላለች፤ ፊቷ ግን ያው ነው። ሴትዮዋ ስትወጣ አየችኝ።

«ምን ልስጥህ?» አለች።

«ኢክራም፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ትምህርትሽን ... ሕይወትሽን ነው ያበላሸሁት።»

ጨርቁን መጠቅለል አላቆመችም። «ሕይወቴ አልተበላሸም፣ አልሐምዱሊላህ። ባል አለኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ ሱቄም ይኸው። ይህን ያህል ራስህን አታግዝፍ።»

«ያኔ መጽሐፉን ለምን አላመጣሽውም? አምጥተሽው ቢሆን ኖሮ እኮ ...»

አሁን ጨርቁን አስቀመጠች።

«ባባ ከሆስፒታል ሲወጡ መጀመሪያ የጠየቁኝ ምንድን ነው መሰለህ? ‹አስተማሪያችሁ ምን አለ?› ነው። መጽሐፉን ስጡኝ ብላቸው ለምን ሊሉኝ ነው። ምን ልበላቸው? ያ ቁቲ ያጠጡት ልጅ ሰረቀን ልበል? እጁን አስታጥበው ያስቀመጡት?» ድምጿ ከፍ አላለም። «በጣም ወደዱት አልኳቸው። ትልቅ ነገር ነው አሉ አልኳቸው። እስኪሞቱ ድረስ ሁለት ዓመት ሙሉ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህን ያወሩ ነበር። የአያቴን ጽሑፍ ኮሌጅ ተቀበለው እያሉ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ አዎ እላለሁ። በዕድሜዬ ለባባ ዋሽቼ አላውቅም ነበር፣ ግርማ። ሁለት ዓመት ዋሸኋቸው። እሱን ይቅር በይኝ ነው የምትለኝ?»

ወደ በሩ አፈገፈግኩ።

«መጽሐፉ እኔ ጋ ነው፣» አለች። «አንድ ቀን ሰው ልከህ እንዳታስጠይቀኝ። አሁን ሂድ፣ ሰው እየመጣ ነው።»

ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ አላልፍም። ጀጎል ውስጥ ጉዳይ ሲኖረኝ በሌላ በር እዞራለሁ፤ ባለቤቴ እግር ለማፍታታት ይመስላታል።

ትናንት ጠዋት ለቤዛ ደወልኩላት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ያን ለማንም፣ ለባለቤቴ እንኳ ያልነገርኩትን። መጽሐፉ የት እንዳለ ብቻ አልነገርኳትም፤ ሰው ልከህ እንዳታስጠይቀኝ ተብያለሁና። ስጨርስ፣ «እየሰማሽኝ ነው?» አልኳት።

«እየሰማሁ ነው፣ ጋሼ፣» አለች። የመጀመሪያ ቀን የነበረው ሙቀት ከድምጿ ወጥቷል። «ታዲያ ማጣቀሻው ላይ ማንን ላስገባ?»

«ኢክራምን። የአያቷን ስም ጨምረሽ።»

«እሳቸው ያሳተሙት ነገር አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያውስ አማካሪዬ አይቀበሉኝም። የታተመ መሆን አለበት። የእሳቸውን ለመጥቀስ ማስረጃ ያስፈልጋል፣ ማስረጃው ደግሞ የእርስዎ ጽሑፍ ብቻ ነው።» ወረቀት ስታገላብጥ ተሰማኝ። «የእርስዎን ስም መተው አልችልም፣ ጋሼ። ብቸኛው ምንጭ እርስዎ ነዎት።»

«ይህን ራሱ ጽፌ ብሰጥሽስ?»

«በጽሑፍ ቢሆን ጥሩ ነበር፣» አለች በትሕትና። «ግን ማን ያምነዋል? አማካሪዬ፣ ሰውየው በእርጅናው ትሑት ሊሆን ፈልጎ ነው ይሉኛል።»

ስልኩን ዘጋሁ። ባለቤቴ፣ «ማን ነበረች?» አለችኝ። ተማሪ ናት አልኳት። እውነት ነው፤ ተማሪ ናት።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዋጋ ከምን ይመጣል እያልኩ ሳስተምር ኖርኩ። ከድካም ነው ያሉ አሉ፣ ከፍላጎት ነው ያሉ አሉ፣ ነገሩ ሲጠፋ ነው ያሉም አሉ። እኔ ከመጻሕፍቱ ሳይሆን ከራሴ ያገኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ያን ቀን፣ በዚያ ጠባብ ቢሮ፣ እውነቱን ብናገር ሥራዬን፣ የአባቴን ተስፋ፣ ስሜን አጣ ነበር። ዛሬ ስናገረው የማጣው ነገር የለም፤ ለዚህም ነው መሰል የሚገዛኝ ያጣሁት። ይህንኑ ይዤ ወደ ልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መሄድ እችላለሁ። ለኢክራም ግን ሽማግሌው ካለፉ በኋላ የሚመጣ እውነት ምን ያደርግላታል? ልጠይቃት እንኳ አልደፍርም። ቤዛ ጽሑፏን በሰኔ ታስገባለች። ስሜ በመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ይኖራል።